አሥር ከአሥር

ማክሰኞ ጠዋት ትርንጎ ዳቦ እየቆረሰች ሳለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው፣ አድማጭ የሚባለው የቢሮ መሣሪያ በልጇ ድምፅ መናገር ጀመረ። ልጇ ሐመልማል ግን ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣ ነበር፤ አፏ አልተንቀሳቀሰም።

«ስሜ ሐመልማል እንድሪስ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይህ እኔ የመረጥኩት ዕቅድ ነው» አለ ድምፁ። «ከእናቴ ራቅ ብዬ አንድ ዓመት ማረፍ እፈልጋለሁ። ሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት መኪናው ሲመጣ ዝግጁ እሆናለሁ። ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ።»

ትርንጎ ቢላዋውን አስቀመጠች። ልጅቷ ቀና ብላ አድማጩን አየችው፤ የጎረቤት ወሬ በግድግዳ በኩል እንደሚሰማ ሰው። ከዚያ ዳቦዋን ሻይዋ ውስጥ ነከረች።

በዚያን ዘመን ኮምቦልቻ ውስጥ ማንም ሰው ተገድዶ አያውቅም። ሕጉ ከወጣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገሩም በየአውቶቡሱ ጎን ላይ ተጽፏል፦ መሪው ተገልጋዩ ነው። ሕፃንም ይሁን አዋቂ፣ እያንዳንዱ ነዋሪ በሳምንት አንድ ሰዓት የምክክር ቀጠሮ አለው። ሄዶ ከተጓዳኙ ፊት ይቀመጣል፤ ተጓዳኝ የሚባለው የመደማመጥ ቢሮው ሠራተኛ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰሌዳ «ዛሬ ምን ላይ እንሥራ?» ይላል። ተገልጋዩ የፈለገውን ይናገራል። ተጓዳኙ የተነገረውን መልሶ ያሰማል እንጂ አይመክርም፣ አይጠይቅም፣ አይቃወምም። ያ ሁሉ መምራት ነው፤ መምራት ደግሞ የተገልጋዩ ነው። ተጓዳኝ ጥያቄ ከጠየቀ ቀጠሮው እዚያው ይዘጋል። ተገልጋዩ አርባ ሴኮንድ ዝም ካለ ሰሌዳው ሐሳብ ያቀርብለታል፤ እንዳይደነግጥ በራሱ ድምፅ። ሐሳቡ ምን ያህል እንደተስማማው ከዜሮ እስከ አሥር አንዱን ቁጥር ይነካል። ሲወጣ ደግሞ ምን ያህል እንደተደመጠ ሌላ ቁጥር ይነካል። ከዚያ ዳቦ ቤትና ጥርስ ሐኪም ዘንድ እንደሚያደርገው ሁሉ አመስግኖ ይሄዳል።

ትርንጎ የፋብሪካ ልብሷን እንደለበሰች ወደ ቢሮው ሄደች። ጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ጥፍሯ ሥር በሳሙናም በሎሚም የማይለቅ ሰማያዊ አለ። ያን ቀን ፈረቃዋን ትታ ቀረች፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ባሏን እንድሪስን ለመቅበር ካልሆነ በቀር ቀርታ አታውቅም።

የልጇም የእሷም ተጓዳኝ አንድ ሰው ነበር። ኪሩቤል ይባላል፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሸሚዙ አንገት ሁልጊዜ ይሰፋዋል። የታመመ አባት እንደሚያስታምም ትርንጎ የሰማችው ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ነው። እሱማ ስለራሱ መናገር አይፈቀድለትም።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ ትርንጎ። ዛሬ ምን ላይ እን—»

«ተው እሱን። ልጄን ወዴት ነው የምትወስዷት?»

ኪሩቤል ሰሌዳውን አየ። «ልጄን ወዴት ነው የምትወስዷት፣ ብለዋል።»

«ያልኩትን እኔም አውቀዋለሁ።»

«ተቆጥተዋል።»

«ገና መቼ አየህና።»

ኪሩቤል ሰሌዳውን ወደ እሷ አዞረው። «ማንም አይወስዳትም። የምትሄደው እሷ ናት። የዕረፍት መንደሩ አፋር መግቢያ ላይ ነው፣ ዛፍ አለው፣ ሌሎች ልጆችም አሉ። የመረጠችው እሷ ናት።»

«ዛሬ ጠዋት የለበሰችውን ካልሲ የመረጥኩላት እኔ ነኝ።»

«ሠላሳ አንድ ጊዜ ተገናኝተናል» አለ ኪሩቤል፣ ከሰሌዳው እያነበበ። «ሠላሳ አንዱንም ጊዜ ተደምጫለሁ ብላ አሥር ነክታለች። ዕቅዱ ላይ ያሉትን ሐሳቦች በሙሉ አሥር ነክታለች። አንድ ዘጠኝ እንኳ የለም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርስዎም በየሳምንቱ አሥር ነው የሰጡኝ።»

ትርንጎ እስከዚያ ድረስ ቆማ ነበር። አሁን ተቀመጠች።

የተጓዳኝ አማካይ ቁጥር ከዘጠኝ በታች ከወረደ ይሰናበታል። ይህን ማንም አይናገርም፤ ሁሉም ያውቃል። ሰው ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ዓይን ዓይንህን እያየ አራት መንካት፣ ቤትህ የመጣ እንግዳ ላይ በር መዝጋት ነው። የእናቱን ጡት የጠባ ሰው አያደርገውም። ትርንጎ በዚያ ሁሉ ወር አንድም ቀን እንደተደመጠች ተሰምቷት አያውቅም፤ አንድም ቀን ከአሥር በታች ነክታ አታውቅም። ከተማው በሞላ እንዲሁ ነበር። ቢሮው በየዓመቱ የሚያወጣው ዘገባ የኮምቦልቻ ሕዝብ በምድር ላይ ከሁሉ በላይ የተደመጠ ሕዝብ መሆኑን ይገልጻል።

«አሥሩን የሰጠሁት ለአንተ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እንጀራህ እንዳይዘጋ።»

ኪሩቤል አንገቱን ደፋ። «ለእኔ ብለው እንደሰጡኝ ተናግረዋል» አለ። ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረበት።

«እንዴት ነው የሚሰረዘው?»

«ዕቅድ የሚለወጠው በባለቤቱ ብቻ ነው። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ የመሸኛ ቀጠሮ አላት። እርስዎ ከመስታወቱ ኋላ መቀመጥ ይችላሉ። ግን ወላጅ ከተናገረ ወይም መስታወቱን ከነካ ጫና ተብሎ ይመዘገባል። ጫና ከተመዘገበ ዕረፍቱ ሦስት ዓመት ይሆናል።»

በሩ ላይ ያለው ትንሽ ሰሌዳ ምን ያህል እንደተደመጠች ጠየቃት። ትርንጎ ጣቷን ዜሮ ላይ አነጣጠረች። ኪሩቤል ከኋላዋ ቆሟል፤ ትንፋሹን ትሰማለች። አልጋ ላይ የተኛው አባቱ፣ ፊቱን አይታው የማታውቀው ሽማግሌ፣ በዓይነ ኅሊናዋ መጣባት። ጣቷ አሥር ላይ አረፈ።

ደረጃውን ስትወርድ ያን ጣት መቁረጥ አማራት።

ማታ ልጇን አድማጭ ወደሌለበት ደረጃ ሥር ወስዳ ጠየቀቻት።

«ለምንድነው ሁሉ ላይ አሥር የነካሽው?»

«ለጋሼ ኪሩቤል ነዋ።»

«ሲወጡ የሚነካው ነው እንጂ የእሱ፣ ሐሳቡ ላይ ያለው’ኮ ያንቺ ነው።»

«ሁሉም ላይ ነው የሚሰጠው። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያየኝ እንዴት አድርጌ?» ሐመልማል እናቷን ነገር እንደማይገባው ሰው አየቻት። «አንቺ ነሽ ያልሽኝ። ሰው ማስቀየም ነውር ነው አልሽኝ፣ መጀመሪያ ቀን፣ በሩ ላይ።»

ብላለች። የልጅቷን አንገትጌ እያስተካከለች፣ ቸኩላ፣ ፈረቃ ሊያልፋት ስለነበር። የዚያን ቀኗን ትርንጎ በጥፊ መምታት ቢቻል ትመታት ነበር።

ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ከሥራ መልስ ልጅቷን ይዛ ሰገነት ላይ ትወጣ ጀመር፤ ከውኃ ታንከሩ ጎን ለጎን አቁማ ታስጠናታለች። ዜሮ ነው የምትነኪው። አልሄድም በይ። ጮክ በይ። ድገሚ። ልጅቷ ደገመች። ረቡዕ ዕለት እያፈረች፣ ሐሙስ ዕለት እየሳቀች፣ ዓርብ ዕለት ግን ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ ትላለች፣ ለኪሩቤል ሰሌዳ አሥር በምትነካበት ፊት። ወደ ቤት ሲገቡ ያጠናችውን ታነበንብ ነበርና አድማጩ ቢጫ መብራት አበራ። «ሐመልማል በሌላ ሰው ቃል እየተናገረች ሊሆን ይችላል» አለ፤ በትሕትና።

ትርንጎ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችበት። አልመታችውም፤ ጫማው ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ወደቀ። ከፊት ለፊቱ በር አንዲት አሮጊት አጎንብሰው አነሱት።

እትዬ ሶልያና ነበሩ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ያኔ የተወለዱት ሰዎች እንዲህ ያለ ስም ነው ያላቸው። የትርንጎን ዓይነት የድሮ ስም ሰው መልሶ ማውጣት የጀመረው ከእነሱ በኋላ ነው። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በምክክር ሥራ ብዙ ዓመት ቆይተዋል ይባላል። አሁን ፈቃድ የላቸውም።

«ሦስት ቀን ሙሉ ሰገነት ላይ ወታደር ታሠለጥኛለሽ እንዴ?» አሉ፣ ጫማውን እየሰጧት። «ቃሉን ሁሉ እኔም አጠናሁት’ኮ። በይ ግቡ።»

የእሳቸው አድማጭ ከግድግዳው ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ትልቅ ድስት ተደፍቶበታል። ትርንጎ ድስቱን ስታይ፣ «ተዪው፣ አርጅቻለሁ፣ ምን ያደርጉኛል» አሉ። ከዚያ እሷን ትተው ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ሐመልማል፣ የት ልቀመጥ?»

ልጅቷ አልገባትም። የማን ቤት ነው?

«እዚህ ቤት ዛሬ አንቺ ነሽ የምታስቀምጪን። የት ልቀመጥ?»

ሐመልማል ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ አሮጊቷ ሳያዩዋት እጃቸውን አንሥተው ከለከሏት። በመጨረሻ ልጅቷ መስኮቱ ሥር ያለውን ወለል አመለከተች። እትዬ ሶልያና ጉልበታቸው የሚታመም ሰው ናቸው፤ እያቃሰቱ፣ የወንበሩን እግር ይዘው፣ የተባሉበት ቦታ ላይ ወረዱ።

«እናትሽስ?»

«እማዬ በሩ ጋ።»

ትርንጎ በሩ ጋ ሄደች። እንደ ባዳ።

ከዚያ ዝም ሆነ። ትርንጎ በልቧ ቆጠረች፤ በዚያ ከተማ የኖረ ሰው ዝምታ ሲሆን ሳያስበው ይቆጥራል። አርባ ሞላ። ማንም በልጅቷ ድምፅ አልተናገረም። መቶ ሞላ። አሮጊቷ የቀሚሳቸውን ጫፍ ያጣጥፋሉ፤ ልጅቷ ታያቸዋለች። ሁለት መቶ ላይ ትርንጎ መቁጠር ተወች።

«አባዬ» አለች ሐመልማል፣ «ስሙ አሁንም እንድሪስ ነው?»

ትርንጎ በሩን ይዛ ቆመች።

ጥያቄው እውነተኛ ነበር፤ ልጅቷ ለማሳዘን ብላ አልጠየቀችም። ስምንት ወር ሙሉ ያ ስም ቤታቸው ውስጥ ከሰው አፍ ወጥቶ አያውቅም። የሞተ ሰው ስም በተነሣ ቁጥር አድማጩ «ያልተቋጨ ሐዘን» ብሎ ይጽፋል፤ ሦስት ጊዜ ከተጻፈ ተጨማሪ ቀጠሮ ይመጣል፤ ቀጠሮ የበዛበት ሰው ከፈረቃ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ትርንጎ ፎቶግራፉን መሳቢያ ውስጥ ከተተች፤ የሥራ ጃኬቱን ለወንድሙ ሰጠች። ልጅቷ አባዬ ስትል ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርግባት ነበር። ምክንያቱን በኋላ አስረዳታለሁ ብላ አስባ ነበር፤ በኋላ የሚባለው ሳይመጣ ቀረ።

«እንድሪስ ነው» አሉ እትዬ ሶልያና። «ሌላስ?»

«መናገር ይከለከላል።»

«ማን ነው የከለከለሽ?» አለች ትርንጎ ከበሩ ላይ፤ ቁጣዋ ቀድሟት ወጣ።

«አንቺ።»

አሮጊቷ አላስታረቁም፣ አላባበሉም። ትርንጎ ስለ አድማጩ፣ ስለ ፈረቃው፣ ስለ ሁሉም ልትናገር ጀመረችና ልጇን አየች። ልጅቷ መልስ አልጠበቀችም፤ ጥፋት ብላም አልከሰሰቻትም። ያየችውን ነው የተናገረችው።

«ልክ ነሽ» አለች ትርንጎ። 

«መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አሉ እትዬ ሶልያና።

«አልፈልግም። ግን…» ሐመልማል ወለሉን በጣቷ ቧጠጠች። «እዚያ ስለ አባዬ ማውራት የሚቻል መስሎኝ ነበር። ከነካኋቸው አሥሮች አንዱ የእውነቴን ነው።»

ያን ጊዜ ነው ትርንጎ የፈነዳችው፤ በልጅቷ ላይ ሳይሆን በአሮጊቷ ላይ። «እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት። መሪው ተገልጋዩ ነው ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ሰው ምን እንደሚፈልግ እሱ ያውቃል፣ እሱን ጠይቁት ብላችሁ በየአዳራሹ የዞራችሁት እናንተ ናችሁ። እናቴ ትነግረኝ ነበር። ይኸው ጠየቁት። ሳይናገር መልሱን እየሰሙለት ነው።»

እትዬ ሶልያና የቀሚሳቸውን ጫፍ ለቀቁት። «እኛ ነን» አሉ። «እኔ ቁጥሩን እቀበል የነበረው ለመሰደብ ነው። አንዲት እናት ሁለት ስትሰጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ምን ጎደለ፣ የቱ ላይ ሳትኩ እላታለሁ፤ ትነግረኛለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት እሷ ባለችው በኩል እንሄዳለን። ሥራው እሱ ነበር፤ ከልጅም ጋር ከአዋቂም ጋር። አሥር ከሰጡኝ እጨነቃለሁ፤ ፈርተውኛል ወይም አዝነውልኛል ማለት ነው። ኋላ ቁጥሩን ወሰዱና ጥያቄውን ተዉት።»

«እናንተስ ምን አላችሁ?»

«ሕጉ ሊወጣ ሲል ስብሰባ ጠሩን። አስተያየታችሁን ስጡ አሉ።» አሮጊቷ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ደስ አይልም። «አሥር ሰጠናቸው። ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነበር።»



«አንዲት መስመር ግን ተሟግቼ አስገብቻለሁ» አሉ እትዬ ሶልያና። «ያኔ ማንም ልብ አላላትም። ተገልጋይ እየተናገረ ቀጠሮ አይዘጋም። ቀጠሮ ካልተዘጋ ደግሞ መኪና ላይ አይወጣም። መኪናው የሚጠብቀው አንድ ሰዓት ነው፤ እስከ አምስት ሰዓት ካልወጣች ጉዞው ይሰረዝና ዕቅዱ ከሀ ጀምሮ እንደገና ይጻፋል። ያን ጊዜ ሲጻፍ ደግሞ በራሷ አፍ ታጽፈዋለች።»

«ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት? ይቺ ልጅ? በቀን አሥር ቃል አትናገርም’ኮ።»

«መሐል ላይ አርባ ሴኮንድ ዝም ካለች ሰሌዳው ጨርሻለሁ ብሎ ይዘጋላታል። ያንቺን ቃል ካወራችም ያውቅባታል። የራሷ መሆን አለበት።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «የሰማሽው ነው። ስለ አባትሽ ሁለት ሰዓት ማውራት ትችያለሽ?»

«ይጠግነው ስለነበረው የባቡር ሐዲድም ጭምር?»

«ስለፈለግሽው።»

ሐመልማል አሰበች። «አላውቅም» አለች።

«መልካም» አሉ እትዬ ሶልያና፣ እችላለሁ የተባሉ ያህል። ተነሥተው ለመቆም ሁለት ሰው አስፈለጋቸው።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ የልጅቷ ሻንጣ በሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። ትርንጎን ከመስታወቱ ኋላ አስቀመጧት፤ ከውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማታል። እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከተተች፤ አታምናቸውምና።

«ሐመልማል፣ ዛሬ ምን ላይ እንሥራ?» አለ ሰሌዳው።

ልጅቷ ኪሩቤልን አየችው። ኪሩቤል ጠረጴዛውን አየ። ሴኮንዶቹ ሰሌዳው ጥግ ላይ ይነጉዳሉ፤ አርባ ሞላ።

«መሰናበት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ» አለ ሰሌዳው በሐመልማል ድምፅ፣ በጥሩ፣ በታጠበ ድምፅ። «እናቴን ከልቤ ይቅር ብያት—»

«ዝም በይ» አለች ሐመልማል።

ለራሷ ድምፅ ነበር የተናገረችው።

«እኔ ነኝ የማወራው። አባዬ እንድሪስ ይባላል።»

ሰሌዳው ዝም አለ። ሕጉ ነው።

መጀመሪያ እየቆራረጠች ተናገረች። አባቷ ሐዲድ ጠጋኝ እንደነበር፣ ከከተማው መውጫ ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ዋሻ ድረስ ያለው የእሱ እንደነበር፣ በመዶሻ ሐዲዱን መታ አድርጎ ጆሮውን ደፍቶ እንደሚያዳምጥ። ጤነኛ ሐዲድ እንደ ደወል ነው የሚለው፤ የተሰነጠቀው እንደ ሳል። እሷም አንድ ቀን አንድ ሳል አግኝታለች፤ ትንሽ ነበር፤ አባቷ ግን በመዝገቡ ላይ ሐመልማል አገኘችው ብሎ ጻፈ። ድመት ይፈራ ነበር። ጥፍሩን በፒንሳ ይቆርጣል። ሲደክማት ከሐዲዱ ሥር የተጋደሙትን እንጨቶች ይቆጥርና ሺህ ላይ ሲደርስ ይሰርቃል፣ ስምንት መቶ ብሎ ይመለሳል፣ መንገዱ አጭር እንዲመስላት።

ትርንጎ ከመስታወቱ ኋላ የማታውቀውን ባል ሰማች። ድመት መፍራቱን አታውቅም ነበር። ይህ ሁሉ ስምንት ወር አንዲት ልጅ ደረት ውስጥ ተቆልፎ፣ ልጅቷ በየሳምንቱ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ይህ ሕንፃ በሞላ ተደምጣለች ብሎ ጽፏል። ቁጣዋ አልበረደም። ይልቁንም አድራሻ አገኘ፤ ግማሹ ወደ ራሷ፣ ግማሹ ወደዚያ ሰሌዳ። እንባዋን አልጠረገችም፤ እጆቿን ካወጣች መስታወቱን ትሰብረዋለች።

አራት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተና የመኪናው ሹፌር ገባ፤ ሽበታም፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰ ሰው።

«ልጅቷ ዝግጁ ናት?»

ኪሩቤል ከሰሌዳው አነበበለት፦ ተገልጋይ እየተናገረ ቀጠሮ አይዘጋም።

«ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል?»

«አላውቅም» አለ ኪሩቤል። ትርንጎ እሱ ከሰሌዳው ያላነበበውን ቃል ሲናገር ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሹፌሩ ሻንጣውን አየ፣ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ በሩ ሥር ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ተነሥ ያለው የለም። ሕጉ ስለ ተጓዳኝና ስለ ወላጅ ብዙ ይላል፤ ስለ ሹፌር የሚለው የለም።

ሐመልማል ቀጠለች። አሁን ስለ ቀበሮው ነበር፤ ሁለተኛው ዋሻ አፍ ላይ በየጠዋቱ አባቷን ስለሚጠብቀው፣ አንድ እግሩ ስለሚያነክሰው። አባቷ የዳቦውን ጫፍ ይተውለታል። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ቀበሮው ለሦስት ቀን ጠፋ። አባቷም «ተራራው ላይ አንድ ነገር አለ፤ ቀበሮው ያወቀው፣ እኔ ያላወቅሁት» አለ፤ ይህን ያለው እራት ላይ ነው። በማግስቱ ሄደ።

አራት ተኩል አለፈ። ድምፅዋ መሻከር ጀመረ። ኪሩቤል ውኃ አቀረበላት፤ እየጠጣች በአንድ እጇ ጠብቁኝ ብላ አመለከተች፤ እንደገና ተናገረች። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ላይ ግን በዐረፍተ ነገር መሐል ቆመች። አፏ ተከፍቷል፤ ቃል የለም። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከዚያ እራት በኋላ ያለው ማግስት ላይ ደርሳለች፤ ተራራው አባቷ ላይ የተናደበት።

ሰሌዳው መቁጠር ጀመረ። አሥር። አሥራ አምስት።

ኪሩቤል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ መልሶ ገጠመው። እሱ ከጠየቀ ይዘጋል። ሃያ። ትርንጎ ቆመች፤ ከመስታወቱ አንድ ስንዝር ርቃ። እጇ ቢያርፍበት ሦስት ዓመት። ሃያ ስምንት። እባክሽ፣ አለች በልቧ፤ ወዲያው ደግሞ ያን ቃል ጠላችው። የሚለመነው ማን ነው፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት።

«ከዚያስ?» አለ አንድ ሰው።

ሁሉም ዞሩ። ሹፌሩ ነበር። ክርኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ፊት አዘንብሏል።

«ያ ውሻ ከዚያ በኋላ መጣ?»

ሐመልማል ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች። ፊቷ ላይ ትርንጎ ካየችው ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ወጣ፤ ንዴት ነበር፣ የልጅ፣ ንጹሕ ንዴት።

«ውሻ አይደለም» አለች። «ቀበሮ ነው። ቀበሮ አልኩ’ኮ፤ አልሰሙኝም እንዴ?»

«ጆሮዬ ትንሽ ከብዷል፣ የኔ ልጅ» አለ ሹፌሩ፣ ወንበሩን ወደ እሷ እየጎተተ። «በይ እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»